ምስሉ አለ፤ ድምፁስ? ቪዲዮን ለእጅ ስልክ ስለ መቀየርና እንከኑን ስለ መፈለግ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ከቀረበ ንግግር በድምፅ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ወዳጄ ኮሪደር ላይ አስቁሞኝ፣ «ይህ ደግሞ ገለጻ ያስፈልገዋል እንዴ? ሚሞሪ የሚጭኑ ልጆች በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱት ሥራ አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እነዚያን ልጆች አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ሙያ ከእኔ የሚበልጡም ብዙዎች ናቸው። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ሥራው በአምስት ደቂቃ ተጠናቀቀ ተብሎ ከታመነ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። የማወራውም ራሴ በሠራሁት ስሕተት ላይ ተመሥርቼ ስለሆነ፣ በዚህ ረገድ ሥልጣን አለኝ ማለት እችላለሁ።

ነገሩ የጀመረው በጤና ትምህርት ዘርፍ የምታስተምር አንዲት ባልደረባዬ አንድ ፍላሽ ይዛ ቢሮዬ በመጣች ቀን ነው። በፍላሹ ውስጥ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ማስተማሪያ ፊልም ነበር። ፊልሙ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦአርኤስ የምንለውን ዱቄት፣ እንዴት መበጥበጥና እንዴት ማጠጣት እንደሚገባ ያሳያል። በ40 ስልኮች ላይ ተጭኖ በገጠር ቀበሌዎች ለሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሊሰጥ ታስቦ ነበር። ስልኮቹ ባለ ቁልፍ ናቸው፤ ስክሪናቸው ወደ ጎን ሲታይ 320 በ240 ነጥብ ነው። የተመረጡትም ባትሪያቸው ስለሚቆይና ቢወድቁ በቀላሉ ስለማይሰበሩ ነው። ምርጫው ትክክል ነበር። ፊልሙ ግን በስልኮቹ ላይ አልከፈት አለ።

ባልደረባዬ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ነገር ሞክራለች። በመጀመሪያ የፋይሉን ስም ቅጥያ ከኤምፒ4 ወደ 3ጂፒ ለወጠች። ይህ ሳይሳካ ሲቀር ለአንድ ወጣት ሰጠችው፤ እርሱም ቀየረው። ሲከፈት ምስሉ ስለተቆራረጠበት የቀየረውን መልሶ ቀየረው፤ ያንንም ለሦስተኛ ጊዜ። ወደ እኔ የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ነበር። የሕፃኑ ፊት የጠመኔ ሥዕል መስሏል።

እዚህ ላይ ስለ ቅጥያው ልናገር፤ በክፍል ውስጥም ደጋግሜ የምመለስበት ጉዳይ ነውና። ኤምፒ4፣ ኤቪአይ፣ ኤምኬቪ፣ 3ጂፒ የምንላቸው ስሞች የመያዣ ስሞች ናቸው። መያዣውን እንደ መሶብ ውሰዱት። መሶቡ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ውስጡ ዶሮ ወጥ ይኑር ሽሮ የሚታወቀው ክዳኑ ሲነሣ ነው። በቪዲዮ መያዣ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ነገር ተለይቶ ይቀመጣል፤ በአንድ ስልት የተጨመቀ ምስልና በሌላ ስልት የተጨመቀ ድምፅ። የጭመቃ ስልቶቹ ኮዴክ ይባላሉ። ስልኩ መሶቡን መክፈት ችሎ ውስጥ ያለውን መብላት ላይችል ይችላል። የፋይሉን ቅጥያ መለወጥ የመሶቡን ክዳን በሌላ ክዳን ከመለወጥ አያልፍም።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም አንዱ ኮዴክ ራሱ በውስጡ ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 የሚባለው ስልት ቤዝላይን፣ ሜይንና ሃይ የሚባሉ ፕሮፋይሎች አሉት። ሃይ የሚባለው ምስሉን በትንሽ ቦታ ለመያዝ ብዙ ስሌት ይጠይቃል፤ ለምሳሌ አንዱን ፍሬም ለመሥራት ከፊቱ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣውንም ፍሬም ይመለከታል። ቤዝላይን ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ደካማ መሣሪያም ይችለዋል። እንግዲህ «ስልኬ ኤች.264 ያጫውታል» የሚለው ሰው እውነቱን ተናግሮ ፋይሉ ላይከፈትለት ይችላል፤ የትኛውን ኤች.264 እንደሆነ አልተናገረምና።

የመሣሪያዎቹን ታሪክ ጥቂት መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮ የሚያጫውቱ ስልኮች በ3ጂፒ መያዣ የሚቀበሉት ምስል ብዙውን ጊዜ 176 በ144 ነጥብ፣ ድምፁም ለስልክ ንግግር ተብሎ የተሠራው ኤኤምአር ነበር። ኤኤምአር የሰው ንግግር በትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ማሲንቆ ስታሰሙት ግን የቆርቆሮ ድምፅ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በጃፓን የወጣው የሶኒ ፒኤስፒ 480 በ272 ነጥብ ያለው ደስ የሚል ስክሪን ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ቪዲዮው በሚሞሪው ላይ በተወሰነ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ፣ እርሱም በተወሰኑ ፊደላትና በአምስት አኃዝ ካልተሰየመ መሣሪያው ከነጭራሹ አያየውም ነበር። ብዙ ሰዎች ፋይላቸው በትክክል ተቀይሮ ሳለ፣ ጥፋቱ በቅየራው የመጣ መስሏቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲቀይሩ አድረዋል። ችግሩ የአድራሻ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ዛሬም ርካሽ ስልኮች ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለሚያጋጥም ነው፤ የፋይሉ ስም በአማርኛ ከተጻፈ ወይም እጅግ ከረዘመ ማውጫው ውስጥ የማይታይባቸው መሣሪያዎች አሉ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ስሙን አጭር አድርጋችሁ በላቲን ፊደል ሰይሙት። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የወጣው ቪዲዮ የሚያጫውት አይፖድ ደግሞ ገደቡን በግልጽ ጽፎ ነው የመጣው፦ 320 በ240 ነጥብ፣ የኤች.264 ቤዝላይን ፕሮፋይል እስከ ደረጃ 1.3፣ በሰከንድ እስከ 768 ኪሎቢት። ይህ ልክ ለእኔ እስካሁን መነሻዬ ነው። የማላውቀው ርካሽ ስልክ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማቀርብለት ይህንኑ ነው፤ ከሞላ ጎደል አያሳፍረኝም።

ወደ ባልደረባዬ ፊልም ልመለስ። በመጀመሪያ ያደረግሁት ሦስተኛውን ትውልድ ወደ ጎን ትቼ የመጀመሪያውን መጠየቅ ነው። ምክንያቱን ተማሪዎች ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ከፎቶኮፒ ላይ ፎቶኮፒ የተደረገ ሃንድአውት ያላነበበ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ጭመቃ ማለት ዐይን አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተውን መጣል ነው። ሁለተኛው ጭመቃ የመጀመሪያው ያበላሸውን የምስሉ አካል ነው ብሎ በጥንቃቄ ይጠብቀዋል፤ ቦታ ለማግኘትም ከመልካሙ ይጥላል። የተጣለው ተመልሶ አይመጣም። ደግነቱ ፊልሙን ያቀናበረው ባለሙያ ዋናውን ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ አስቀምጦት ነበር። ሊያጠፋው አስቦ እንደነበር በኋላ ነገረኝ፤ 1.2 ጊጋባይት ገደማ ይዞበት ነበርና።

ሁለተኛው ሥራዬ ፋይሉን መጠየቅ ነበር። ሚዲያኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ሳይነካ ውስጡ ምን እንዳለ ይዘረዝራል። ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር የሚመጣው ኤፍኤፍፕሮብም ይህንኑ ያደርጋል። ኤፍኤፍኤምፔግ ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ በገበያ ላይ ቆንጆ ገጽታ ለብሰው ከሚቀርቡ የቪዲዮ መቀየሪያዎች የብዙዎቹ ሞተር እርሱ ነው። ለማንኛውም፣ ዋናው ፋይል የሰጠኝ መልስ ይህ ነበር፦ ምስሉ ኤች.264 ሃይ ፕሮፋይል፣ 1920 በ1080 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ድምፁ ኤሲ-3፣ ስድስት ቻናል።

ምስሉ ለምን እንዳልተከፈተ ከዚህ ግልጽ ነው። የድምፁን መስመር ግን አየሁትና አለፍኩት። በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱልኝ፤ አየሁትና አለፍኩት። ኤሲ-3ን ስልኩ ስለማይችለው ወደ ኤኤሲ መቀየር እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ስድስት ቻናል የሚለውን ቁጥር ግን አላሰብኩበትም።

በአንድ መቀየሪያ ፕሮግራም «ለስልክ» የሚለውን ዝግጁ ምርጫ መረጥኩ። ምስሉ ስክሪኑን እንዲሞላ የሚያደርገውንም ሳጥን ምልክት አደረግሁበት። ፋይሉ ወጣ፤ ስልኩ ላይ ጫንኩት፤ ተከፈተ። ሙዚቃው ተሰማ፤ ርእሱ ታየ፤ የገጠር መንደር ታየ። ሁለት ደቂቃ ያህል ተመለከትኩ። ደስ አለኝ። በ40ው ላይ ተገለበጠ፤ ስልኮቹም ተላኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሠራተኞቹ አንዷ ደወለች። ንግግሯን እንዳለ ላስታውስላችሁ፦ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሴትዮዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚሰማው ግን ሙዚቃው ብቻ ነው። ደግሞስ ስንት ሊትር ውሃ ነው የሚለው?»

ሁለቱንም እንከኖች በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኛለች። እኔ ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ ሲቀናበር ሙዚቃው በግራና በቀኝ ይቀመጣል፤ የተናጋሪው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው ቻናል ላይ ብቻ ይደረጋል። የሲኒማ ልማድ ነው። የተጠቀምኩበት ፕሮግራም ስድስቱን ወደ ሁለት ሲያወርድ መካከለኛውን ከግራና ከቀኝ ጋር መቀላቀል ሲገባው፣ ግራና ቀኙን ወስዶ የቀረውን ተወ። ስለዚህ የነርሷ ገለጻ እንዳለ ጠፋ። ስሕተት የሚል መልእክት አልመጣም። ፋይሉ «ድምፅ አለው»፤ ይጫወታል። የፊልሙ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ ሙዚቃ ብቻ ናቸው፤ እኔ የተመለከትኩትም እነዚያኑ ነው።

ሁለተኛው በስክሪኑ ላይ የደረሰ ነው። የፊልሙ ምስል ወርዱና ቁመቱ 16 ለ9 ነው፤ የስልኩ ስክሪን 4 ለ3። ሰፊውን ጠባቡ ላይ ለመሙላት የምስሉ ሩብ መቆረጥ አለበት፤ ከግራ አንድ ስምንተኛ፣ ከቀኝ አንድ ስምንተኛ። በቆየው የቴሌቪዥን ልማድ ጽሑፍ ከየዳሩ አንድ ዐሥረኛ ገባ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። አንድ ስምንተኛ ከአንድ ዐሥረኛ ይበልጣል። እናም ባለሙያው በደንቡ መሠረት ያስቀመጠው «1 ሊትር ንጹሕ ውሃ» የሚለው ጽሑፍ ፊተኛው አኃዝ ተቆርጦ «ሊትር ንጹሕ ውሃ» ሆኖ ቀረ። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ግራው ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው ቁጥሩ ነው።

አሁን ሁለቱን አገናኙዋቸው። መጠኑን የሚናገረው ድምፅ የለም፤ መጠኑን የሚያሳየው አኃዝ የለም። አንዱ እሽግ በ1 ሊትር የሚበጠበጥ ዱቄት በትንሽ ውሃ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበታል፤ ፈሳሽ ላለቀበት ሕፃን ይህ አደገኛ ነው። በብዙ ውሃ ከተበጠበጠ ደግሞ የታሰበለትን አያደርግም። ሠራተኞቹ በሥልጠናቸው መጠኑን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። ፊልሙ ግን ለእነርሱ አልነበረም፤ ለእናቶች እንዲያሳዩት ነበር። ስልኩን ለእናትየው ሰጥቶ ወደ ሚቀጥለው ቤት መሻገርም በሥራው ላይ ያለ ነገር ነው። ስልኮቹን በዚያው ሳምንት እንዲመለሱ አደረግን።

ፋይል አልከፈት ሲል ያናድዳል፤ ነገር ግን ታማኝ ነው። ተከፍቶ የሚጫወት፣ ግን የጎደለ ፋይል ከዚያ የከፋ ነው፤ ማንም አይፈልገውምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንከን ስፈልግ መንገዴ ተለውጧል። እንዴት እንደምሠራ በዚያው ፊልም ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ ስልኩ የሚችለውን ለማወቅ ከፊልሙ መካከል ሰው የሚናገርበትን 20 ሰከንድ ቆርጬ ወሰድኩ። ከእርሱም ብዙ ናሙና ሠራሁ፤ እያንዳንዱ ከሌላው በአንድ ነገር ብቻ የሚለይ። አንዱ ፕሮፋይሉ ብቻ፣ አንዱ የነጥቡ ብዛት ብቻ፣ አንዱ የድምፁ ስልት ብቻ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢሳካለት የትኛው እንዳዳነው፣ ባይሳካለትም የትኛው እንደገደለው አያውቅም። ምልክቶቹም ይናገራሉ። ፋይሉ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ስሙንና ፎልደሩን ተጠራጠሩ። ታይቶ «አይደገፍም» የሚል ከሆነ የምስሉን ኮዴክ ወይም ፕሮፋይል። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ስፒከሩን ከመፍታታችሁ በፊት የድምፁን ኮዴክ። ድምፁ እየሄደ ምስሉ የሚንገዳገድ ከሆነ ስልኩ በሰከንድ የሚቀርብለትን መጨረስ አቅቶታል፤ የነጥቡን ብዛት ወይም ቢትሬቱን ቀንሱለት።

ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ ጥያቄው አንድ ነው፦ ልዩነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ነው ወይስ እያደገ ይሄዳል? እኩል ከሆነ ድምፁን ወደፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል። እያደገ የሚሄድ ከሆነ የፍሬም ቁጥሩ ተሳስቷል። በሰከንድ 29.97 የሆነውን 30 ነው ብሎ የሚወስድ ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ያህል ልዩነት ይፈጥራል። በስማርት ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ በሰከንድ የሚያነሣውን ፍሬም በራሱ ስለሚቀንስ፣ ቁጥሩ በአንዱ ፋይል ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንዲህ ያለውን ስትቀይሩ ቋሚ የፍሬም ቁጥር እንዲኖረው እዘዙ።

ለእኛ ፊልም በመጨረሻ የጸናው ልክ ይህ ነው፦ ኤች.264 ቤዝላይን፣ ደረጃ 1.3፣ 25 ፍሬም፣ ምስሉ በሰከንድ 300 ኪሎቢት። ድምፁ ስድስቱም ቻናል ተቀላቅሎ ወደ አንድ የወረደ፤ ስልኩ አንድ ስፒከር እንጂ ሁለት የለውምና። ኤኤሲ፣ 64 ኪሎቢት። መጠኑን ቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ 364 ኪሎቢት በ840 ሰከንድ ሲባዛና ለ8 ሲካፈል 38 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። ከ1.2 ጊጋባይት የተነሣ ፊልም 38 ሜጋባይት ላይ ደረሰ፤ በዚያች ስክሪን ላይ ለሚያየው ሰው የሚጎድል ነገር የለበትም። የምስሉም ዳር ሳይቆረጥ 320 በ180 ሆኖ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር እንዲኖረው አደረግሁ። ጥቁሩን መስመር ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ ወድጄዋለሁ።

ግን አዲስ ችግር መጣ። የምስሉ ቁመት ከ1080 ወደ 180 ሲወርድ ማንኛውም ነገር ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። 48 ነጥብ ቁመት የነበረው ፊደል 8 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። የላቲን ፊደል በ8 ነጥብ እንደምንም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ምልክቶቹ ነው፤ በእግሩ ማጠር፣ በጎኑ ቅጥያ፣ በራሱ ላይ ባለች ቀለበት። «ይጠጡ» እና «ይጠጣ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው። በዚያ መጠን ሁለቱም አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ስለዚህ ጽሑፎቹን ሁሉ አስወግደን እንደገና በትልቁ መጻፍ ግድ ሆነብን፤ በአንድ ጊዜ ከአራት ቃል ያልበለጠ፣ ቁጥሩ ለብቻው በአንድ መስመር። እዚህ ላይ የዋናው ቅጂ መኖር እንደገና አዳነን፤ ባለሙያው ከጽሑፍ ነጻ የሆነውን ምስል አስቀምጦት ነበርና።

ለምን ጽሑፉን ለብቻው በግርጌ ጽሑፍ ፋይል አታደርጉትም ትሉኝ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮምፒውተሮቻችንም ካወቁት ቆይተዋል። እነዚህ ስልኮች ግን ፎንቱ የላቸውም፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረድራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር መታተም አለበት። በዚህም ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ መቀየሪያው የሚጠቀምበት ፎንት ግዕዝ ከሌለው፣ የሚያትመው ራሱን ባዶ ሣጥኑን ነው። ያን ጊዜ ሣጥኑ የምስሉ አካል ሆኗል፤ የትኛውም ስልክ አያስተካክለውም። ይህም አንዴ ደርሶብኛል፤ ደግነቱ ከመላኩ በፊት አየሁት።

አዲሱን ፋይል ስልኩ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትኩ፤ 14ቱን ደቂቃ ሙሉ፣ ከቤት ውጭ፣ በቀትር ፀሐይ። በቢሮዬ ጥላ ያማረ የነበረው አንድ ጨለም ያለ ትዕይንት ውጭ ሲወጣ ምንም አይታይበትም ነበር፤ አበራነው። ከዚያም አንድ ፊደል ማንበብ የማይችሉ አዛውንት የግቢ ጠባቂያችን ፊልሙን አይተው፣ ዱቄቱ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። «አንድ ሊትር» አሉኝ፤ ቀጠሉና «ይህቺ ልጅ ግን ቶሎ ቶሎ ትናገራለች» አሉ። የንግግሩን ፍጥነት መለወጥ አልቻልንም። አስተያየታቸው ግን ትክክል ነው።

በ40ው ላይ ስንገለብጥም የእያንዳንዱን ፋይል መጠን ከዋናው ጋር አስተያየን። ሁለት ሚሞሪዎች ላይ ልዩነት አገኘን፤ በላያቸው የተጻፈውን ያህል የማይይዙ አስመሳይ ካርዶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ካርድ የማይችለውን ተቀብሎ የተቀበለ ይመስላል፤ የምታገኙት ፋይሉ መሐል ላይ ሲቆም ነው።

ገለጻዬን እዚህ ላይ ላብቃ። ጊዜ ስላለን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።

(ከአዳራሹ ለቀረቡት ጥያቄዎች ከተሰጡት መልሶች የተወሰዱ)

እየቀረጸ ሳለ መብራት የጠፋበት ካሜራ ፋይል ስለማይከፈትበት ምክንያት ለጠየቀችው ተማሪ፦ በኤምፒ4 መያዣ ውስጥ የትኛው ፍሬም የት እንዳለ የሚናገር ማውጫ አለ። ብዙ ካሜራዎች ይህን ማውጫ የሚጽፉት ቀረጻው ሲያበቃ፣ በመጨረሻ ላይ ነው። መብራቱ በመሐል ሲጠፋ ምስሉና ድምፁ ካርዱ ላይ አሉ፤ ማውጫው ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮግራም ፋይሉን ባዶ ነው ይላል። ቅየራ አይፈውሰውም፤ መቀየሪያውም ያለ ማውጫ ሊያነበው አይችልም። መጀመሪያ በዚያ ካርድ ላይ ምንም ነገር አትቅረጹ። የፋይሉን ቅጂ ወደ ኮምፒውተር ውሰዱ። ከዚያ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው አቀማመጥ ሌላ አጭር ጤነኛ ቪዲዮ በሌላ ካርድ ላይ ቅረጹ። ጤነኛውን እንደ አብነት ወስደው የተበላሸውን ማውጫ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ብዙ ጊዜ ግን ቢያንስ ድምፁንና አብዛኛውን ምስል ያድናሉ።

የወላጆቹን የሠርግ ቪሲዲ ወደ ስልኩ ለማዛወር ለፈለገው እንግዳ፦ በቪሲዲው ላይ ዳት የሚል ቅጥያ ያለው ትልቅ ፋይል ታገኛለህ። በውስጡ ያለው ኤምፔግ-1 ነው፤ በእኛ አገር በተሠሩት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 352 በ288 ነጥብ። ዲስኩ የተቧጨረ ከሆነ መጀመሪያ ቀስ ብሎ በሚያነብ ድራይቭ ሙሉውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ። አንዱ ድራይቭ እንቢ ካለ ሌላ ሞክር፤ ያረጀ ድራይቭ አንዳንዴ ከአዲሱ የተሻለ ያነባል። ከዚያ ለስልክህ የሚሆነውን ቅጂ ከእርሱ አውጣ። መቀየሪያው «ወደ ኤችዲ አሳድግልህ?» ቢልህ እሺ አትበል፤ ፋይሉ ያብጣል እንጂ የእናትህ ፊት አይጠራም። የገለበጥከውን ዳት ፋይል ግን አታጥፋ። በሁለት ቦታ አስቀምጠው፤ አንዱን ለእኅትህ ስጣት።